ሁለቱ አማቾች በጫካ

ፀጉር አስተካካዩ ከእስር ሲፈታ ያረፈው ታላቅ እህቱ ቤት ነበር። የእህቱ ባል ፍራሽ ነጋዴ ነው፤ ፍራሽ ነጋዴ ቤት ደግሞ የእንግዳ ክብር የሚለካው በመኝታው ነው። ስለዚህ ሰውየው አማቹ ሊመጣ ነው ሲባል ከሱቁ ምርጡን፣ ለሙሽራ ካልሆነ ከመደርደሪያ የማይወርደውን ድርብ ፍራሽ አወረደ። ደረጃው ላይ እያረፈ፣ ወገቡን እየያዘና እያማረረ ተሸክሞ አወጣውና ትንሿ ክፍል ውስጥ ዘረጋው። ላስቲኩን እንኳ በጥርሱ ነው የቀደደው። በመዳፉ ጫን አድርጎ ሲለቀው ፍራሹ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ተመለሰ።

«በዚህ ላይ ተኝቶ ሕልሙ የማያምር ሰው ካለ፣» አለ ለሚስቱ፣ «እኔ ሱቄን እዘጋለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ሚስቱ ሻይ ይዛ በሩን ብትከፍት ወንድሟን ሲሚንቶው ላይ ተጋድሞ አገኘችው። ፍራሹ እንደተነጠፈ ነው። አንሶላው እንደተወጠረ ነው። ዝንብ እንኳ አላረፈበትም።

ፍራሽ ነጋዴው መጀመሪያ ነገሩን በቀና ወሰደው። «ለስልሶበት ይሆናል» አለና ጠንከር ያለ አመጣ። ፀጉር አስተካካዩ አመስግኖ ሲሚንቶው ላይ ተኛ። «ስፖንጅ ያልለመደ ሰው ጥጥ ይሻለዋል» ብሎ የጥጥ አመጣ። ሲሚንቶ። በመጨረሻ ስስ የሆነውን፣ ለዘበኞች የሚሸጠውን፣ እሱ ራሱ ፍራሽ ብሎ ለመጥራት የሚያፍርበትን አመጣ። ጠዋት ላይ አማቹ ፍራሹን ጠቅልሎ ግድግዳ አስደግፎት፣ እሱ ወለሉ ላይ እጁን ተንተርሶ ተገኘ። ወሬው እንዴት እንደወጣ እንጃ፣ ከሱቁ አጠገብ ወንበር የሚሸጠው ጎረቤቱ አንድ ቀን አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «አማችህ ሲሚንቶ መረጠ አሉ? እንግዲህ ሲሚንቶ መሸጥ ጀምራ!» አለው። ያን ቀን ፍራሽ ነጋዴው ምሳ አልበላም።

ሌላም ነገር ነበር፤ እሱን ግን ለማንም አልተናገረም። አማቹን ይፈራዋል። ፀጉር አስተካካዩ የሰው መንጋጋ ሲያሳምር ኖሮ የሰው መንጋጋ ሰብሮ ነው የታሰረው። የሥራ ሸሪኩ የጋራ ሱቃቸውን መስታወትና ወንበር ሳይነግረው ሸጦበት፣ ደሙ ፈልቶ አንድ ጊዜ ሰነዘረ፤ አንዱ በቃ። ፍራሽ ነጋዴው ደግሞ በልጅነቱ እንኳ ተደባድቦ የማያውቅ፣ እንደ ሸቀጡ የለሰለሰ ሰው ነው። አማቹ ድንገት ብድግ ባለ ቁጥር እጁ ሳያዝዘው ሄዶ መንጋጋውን ይይዛል። ችግሩ አማቹ ድንገት ብድግ የሚለው ሰው ወደ ክፍሉ በገባ ቁጥር መሆኑ ነው። ቀጥ ብሎ፣ እጁን ከጎኑ አድርጎ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ይቆማል። እንዲህ እንዲህ እያለ የቤቱ ኑሮ አንዱ ብድግ፣ ሌላው መንጋጋውን ያዝ ሆነ።

ሚስትየዋን ያስጨነቃት ሌላው ጠባዩ ነበር። የተዘጋ በር አይከፍትም። አንድ ቀን መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ተገትሮ አገኘችው።

«ምን ትሠራለህ እዚህ?»

«እስኪከፈት ነው፣ እታለም።»

«ውስጥ ማን አለ?»

«ማንም የለም።»

ሣቀች። ከዚያ ማድ ቤት ገብታ ሽንኩርት መላጥ ጀመረች፤ ሽንኩርት የሚፈልግ ምግብ ግን ምድጃው ላይ አልነበረም።

ምርጫ ደግሞ ያመዋል። «እንቁላሉ ይጠበስ ወይስ ይቀቀል?» ስትለው «እንደተመቸ» ነው። «ነጩን ሸሚዝ ትለብሳለህ ወይስ ሰማያዊውን?» ስትለው ሁለቱንም ይዞ እስክትመለስ ይጠብቃታል። ሌላ የድሮ የሙያ ጓደኛው አዝኖለት በሱቁ አንድ ወንበር ሰጥቶት ነበር። የመጀመሪያው ደንበኛ ተቀምጦ «አንተ እንደወደድክ አድርገው» አለው። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አንስቶ ቆመ። ቆመ። ደንበኛው እንቅልፍ ወሰደው፤ ሲነቃ መቀሱ አሁንም አየር ላይ ነው። ሰውየው ፀጉሩን እንዳመጣው ይዞት ሄደ።

እህቱ የምትሠራው ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። እዚያ ነው ከእስር የተመለሱ ሰዎችን ስለሚረዳ አንድ ቢሮ የሰማችው። ቢሮው ውስጥ አንዲት ወጣት አማካሪ አለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰዎቹን ሰብስባ ጫካ ትወስዳቸዋለች፤ ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ፣ ይሄዳሉ፣ አየር ይስባሉ፣ ይመለሳሉ። አንድ ደንብ ብቻ አለው፤ ከቤተሰብ አንድ ሰው አብሮ መሄድ አለበት።

«ቅዳሜ እኔ ተረኛ ነኝ፣» አለች ለባሏ። «አንተ ትሄዳለህ።»

«እኔ?»

«አንተ።»

«ቅዳሜ እኮ ገበያዬ ነው!»

«ወንድምህ ሱቁን ይጠብቃል። ነግሬዋለሁ።»

«ለመሆኑ ጫካ ውስጥ ምን አለ?»

«ዛፍ።»

«ዛፍማ ከዚህም ይታየኛል!» አለና በመስኮቱ አሳየ። መንገድ ዳር አንዲት አቧራ የለበሰች ዛፍ ቆማለች። ሚስቱ ወደ መስኮቱ አላየችም። በዚያ ቤት «ተመካከርን» ማለት እሷ ነገረችው ማለት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ፍራሽ ነጋዴው የሱቅ ጫማውን ወልውሎ፣ ጃንጥላ ይዞ፣ ሙዝና ዳቦ በፌስታል ቋጥሮ፣ ከስፖንጅ ለራሱ የቆረጣትን ትንሽ መቀመጫ በብብቱ ሸጉጦ ተነሣ። ሚኒባሱ ከተማው ሲያልቅ፣ አስፋልቱም ሲያልቅ፣ ጫካው አፍ ላይ አራገፋቸው። አማቹ ሚኒባሱ ውስጥ ቀረ። የሚኒባሱ በር ንፋስ መልሶ ገፍቶት ተዘግቶ ነበር። ፍራሽ ነጋዴው ተመልሶ ከፈተለት።

አማካሪዋ ቀጠን ያለች፣ ፊቷ የማይደክም ልጅ ነች። ከተመላሾቹ መካከል ድምፁ ከሁሉ በላይ የሚሰማው ይግባኝ የሚሉት ሰው ነበር። እስር ቤት ሳለ ለእስረኛው ሁሉ ይግባኝ ሲጽፍ ስለኖረ ስሙ ተረስቶ ይግባኝ ሆኖ ቀረ። አብራው የመጣችው ሚስቱ ስትሆን፣ እሷ ደግሞ ከተጋቡ ጀምሮ ይግባኙን ሁሉ ውድቅ ስታደርግ የኖረች ሴት ናት።

«እንግዲህ እንሰብሰብ!» አለች አማካሪዋ በደስታ፤ ከአንገቷ ያንጠለጠለችውን ፊሽካ አንስታም ነፋች።

ይህን ባታደርግ ይሻላት ነበር። ፊሽካው ገና ሳያበቃ ተመላሾቹ በሙሉ ሁለት ሁለት ሆነው ተሰልፈው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ልክ እንደ እስር ቤት ቆጠራ ቁጢጥ አሉ። አንድ ሰው ከኋላ «ሙሉ ነን!» ብሎ ጮኸ። ፍራሽ ነጋዴው በድንጋጤ ዙሪያውን ሲያይ እሱም ቁጢጥ ብሏል፤ ጃንጥላውን እንደ ጠመንጃ ይዟል።

የአማካሪዋ ፊት አመድ መሰለ። ፊሽካውን ከአንገቷ ፈታችና ባለ በሌለ ኃይሏ ቁጥቋጦ ውስጥ ወረወረችው።

«ይግባኝ አለኝ!» አለ ይግባኝ፣ ቁጢጥ እንዳለ። «የቢሮ ንብረት ነው!»

«ዝም በል፣» አለች ሚስቱ።

መጀመሪያ የሣቀው ማን እንደሆነ አልታወቀም። ሣቁ ግን እንደ ማሳል ተላለፈና ሰልፉ ፈረሰ። ሰዎቹ እየሣቁ ጉልበታቸውን እያራገፉ ተነሡ። ፀጉር አስተካካዩ ብቻ አልሣቀም፤ ግን ከሰልፉ ወጥቶ ቁጥቋጦውን ጎንበስ ብሎ ተመለከተ፣ ፊሽካው እንዳይመለስ የሚጠብቅ ይመስል።

ጥቂት ከሄዱ በኋላ አማካሪዋ አንድ ሜዳ ላይ አስቆመቻቸውና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተናገረች። «አሁን እያንዳንዳችሁ ደስ ያላችሁን ዛፍ ትመርጡና ሥሩ ትቀመጣላችሁ። ምንም አታደርጉም። ማንም አይጠራችሁም፣ ማንም አይቆጥራችሁም።»

ይግባኝ አንዱን ዛፍ መርጦ ተቀመጠና ጉንዳን አለው ብሎ ይግባኝ ጠየቀ። ፍራሽ ነጋዴው ቅርቡን መረጠ፤ ሩቅ ሄዶ የተሻለ ዛፍ ያገኘ ሰው አለ ሲባል ሰምቶ አያውቅም። ስፖንጁን አነጠፈ፣ ተቀመጠ፣ ወዲያው አንድ የሚያስጨንቅ ነገር ታየው፤ አማቹ ሜዳው መሀል ቆሟል። ይህን ዛፍ አየ፣ ያንን አየ፣ እጁን አሻሸ። ግንባሩ አላበው።

አማካሪዋ ቀረብ አለችና፣ «ካልመረጡም ምንም አይደል። እግርዎ ወደወሰደዎት» አለችው።

እግሩ መቼም የራሱ ነውና ቆይቶ ቆይቶ ወሰደው። ከፍራሽ ነጋዴው ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ቅጠል የተከመረበት አንድ ሰፊ ዛፍ ሥር አደረሰው። ቁጢጥ አለ። ተቀመጠ። ጋደም አለ። ከዚያ ጠፋ።

ጠፋ ማለት ተኛ። ፍራሽ ነጋዴው አማቹን ቤት ውስጥ ሲተኛ አይቶታል፤ የዶሮ እንቅልፍ ነው፣ ኮሽ ሲል ዓይኑ ይከፈታል። ይህ ግን ሌላ ነው። አፉ ተከፍቷል፣ አንዱ እጁ ወዲያ ወድቋል፣ ደረቱ እንደ ወናፍ ይወጣል ይገባል። ነጋዴው ይህን እንቅልፍ ያውቀዋል። ሱቁ ግድግዳ ላይ በሰቀለው ሥዕል ውስጥ ፍራሽ ላይ የተኛችው ሴትዮ የምትተኛው ይህን እንቅልፍ ነው። ከሥዕሉ ውጭ ግን በሕይወቱ አይቶት አያውቅም።

ልቡ በአንድ በኩል ራራ፣ በሌላ በኩል ቆሰለ። እየተንፏቀቀ ተጠግቶ ቅጠሉን በመዳፉ ጫን አድርጎ ለቀቀው። ተመለሰ። ከላይ ደረቅ ነው፣ ከሥር እርጥበት አለው፣ ከዚያ ሥር ደግሞ ለስላሳ አፈር። «ሦስት ንብርብር፣» አለ በሹክሹክታ። «ያውም ያለ ስፌት!»

አማካሪዋ ጉዞው ሊቀጥል ነው ብላ ስትመጣ እጁን አፉ ላይ አደረገ።

«አልቀሰቅሰውም፣» አለ። «እናንተ ሂዱ። ከነቃ በኋላ እንከተላችኋለን። መንገዱ አንድ አይደል?»

«አንድ ነው፤ ቀጥ ብሎ ወንዙ ድልድይ ላይ ነው የሚያወጣው። ግን እርስዎ…»

«ልጄ፣ እኔ የተኛ ሰው መቀስቀስ ሥራዬ አይደለም። ሥራዬ ተቃራኒው ነው።»

ሄዱ። ድምፃቸው ከዛፍ ዛፍ እየራቀ ጠፋ። ያኔ ነው ፍራሽ ነጋዴው ምን እንዳደረገ የገባው። መንጋጋ ከሰበረ ሰው ጋር፣ ጫካ ውስጥ፣ ለብቻው ቀርቷል። ደግሞ በገዛ አፉ! ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሏል ይሄ ነው።

ሙዝ ቢበላ ይሻለው ይሆናል ብሎ ወደ ፌስታሉ ሲዞር ፌስታሉ የለም። ቀና ሲል ቅርንጫፍ ላይ አንዲት ጦጣ ሙዙን እየላጠች ታየዋለች። ሊጮህ አፉን ከፈተና አማቹን አየ፤ አፉን ዘጋ። በጃንጥላው አስፈራራት። ጦጣዋ ልጣጩንና ባዶውን ፌስታል ወረወረችለት፤ ሌላይቱ ጦጣ ከኋላ መጥታ ስፖንጁን ብድግ አድርጋ ዛፍ ላይ ወጣች። ፍራሽ ነጋዴው ድምፅ ሳያወጣ እየዘለለ፣ በምልክት እየተሳደበ፣ በዓይኑ እየለመነ ዛፉን ዞረው። ጦጣዋ ስፖንጁን ቅርንጫፉ ላይ አደላደለች፣ ጫን ጫን አድርጋ ሞከረችው፣ ተቀመጠችበት፣ ተመቻት።

ሰውየው ቆሞ አያት። ቀስ በቀስ ንዴቱ በረደና ቦታውን አንድ ያልጠበቀው ነገር ያዘው፤ ኩራት ነው። «አዎ፣» አላት በዝግታ፣ «አንቺ እንኳ ታውቂያለሽ።»

ፀጉር አስተካካዩ ሲነቃ ፀሐይ ቦታ ለውጣለች። ሰው እንዳለ ሲያይ እንደ ልማዱ ብድግ ብሎ ቀጥ አለ። ፍራሽ ነጋዴውም እንደ ልማዱ መንጋጋውን ያዘ።

«ጋሼ፣» አለ አማቹ፣ «ጥርስዎን ያምዎታል?»

«ኧረ የለም።»

«ቤትም እያየሁ ነው። ሁልጊዜ ይይዙታል።»

ፍራሽ ነጋዴው ብዙ ጊዜ ይዋሻል፤ ስለ ጥጥ ይዋሻል፣ ስለ ስፌት ይዋሻል። ጫካ ውስጥ ግን ውሸቱ አልመጣለትም። ፀጉር አስተካካዩ የነጋዴውን እጅ አየ፣ የራሱን እጅ አየ፣ ገባው። ፊቱ እስከ አንገቱ ቀላ።

«ጋሼ፣ እኔ በሕይወቴ የመታሁት አንድ ሰው ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ያውም በግራ እጄ ነው። በቀኜ መቀስ ይዤ ስለነበር።»

ነጋዴው ይህን አሰበበት። በግራው መንጋጋ ከሰበረ፣ በቀኙ… ከዚያ ሣቁ ከሆዱ ተነሥቶ መጣና አሸነፈው። ዛፍ ተደግፎ እስኪያነባ ሣቀ። አማቹ ግራ ገብቶት ቆመ፤ ከዚያ ከንፈሩ ዳር ሸርተት አለ፤ ከዚያ እሱም ሣቀ። ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የቆየ ማሽን ሲነሣ እንደሚያሰማው ዓይነት፣ መጀመሪያ የሚንተባተብ ሣቅ ነበር።

መንገዱን ያዙ። አማካሪዋ «አንድ ነው» ያለችው መንገድ ጥቂት እንደሄዱ ሁለት ሆነ። አንዱ ወደ ቀኝ ሽቅብ፣ ሌላው ወደ ግራ ቁልቁል።

ቆሙ።

«እሺ፣» አለ ፍራሽ ነጋዴው።

«እሺ፣» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«የትኛው ይመስልሃል?»

«እንደተመቸ፣ ጋሼ።»

ነጋዴው «እንግዲያው በዚህ…» ብሎ እጁን አነሣ፤ እጁ ግን መሀል ላይ ቀረ። ካገባ ጀምሮ መንገድ መርጦ አያውቅም። ቤቱን ሚስቱ መረጠች፣ መጋረጃውን ሚስቱ መረጠች፣ ይህን ጫካ ራሱ ሚስቱ መረጠች። ስልኩን አወጣ፤ መስመር የለም። ሁለት ጎልማሶች፣ አንዱ መንግሥት ሲወስንለት የኖረ፣ ሌላው ሚስቱ ስትወስንለት የኖረ፣ መንታ መንገድ ላይ እንደ ሐውልት ቆሙ። ወፍ መጥታ ጃንጥላው ላይ ልታርፍ አሰበች።

«አንተ ምረጥ፣» አለ በመጨረሻ ነጋዴው።

«እኔ አልችልም።»

«እኔም አልችልም! ስለዚህ አንተ ትመርጣለህ። ለምን ብትለኝ እኔ ታላቅ ነኝ፤ ታላቅ ያዛል።»

ፀጉር አስተካካዩ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ግራ እጁ ቀስ ብሎ ተነሣና ወደ ቁልቁለቱ አሳየ። «በዚህ፣» አለ። ድምፁ የራሱ አልመሰለውም።

ስህተት ነበር። ቁልቁለቱ እሾህ ውስጥ አስገባቸው፣ እሾሁ ረግረግ ውስጥ፣ ረግረጉ የነጋዴውን የተወለወለ ጫማ ሶል ላጠው። ጭቃው እንደ ሕፃን እየጠባ ይስባል። መንገዱ አንድ ቋጥኝ ሥር ሲደርስ አለቀ።

ፀጉር አስተካካዩ ዞረ። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ያሳሳትኩት እኔ ነኝ» አለና ጠበቀ።

ነጋዴው አፉን ከፍቶ ነበር። ስለ ጫማው የሚናገረው ብዙ ነገር ምላሱ ላይ ተሰልፎ ነበር። ግን የአማቹን አቋቋም አየ፤ ምን እየጠበቀ እንደሆነ ገባው። የተሰለፈውን ሁሉ ዋጠው።

«እና ምን ይጠበስ?» አለ። «ተመለስና ሌላ ምረጥ።»

«ሌላ?»

«አዎ፣ ሌላ። እዚህ ልናድር ነው እንዴ? ምረጥ ብዬሃለሁ፣ ምረጥ!»

ተመለሱ። አሁን ፀጉር አስተካካዩ ከፊት ነው። «በዚህ» ይላል፣ ይሄዳሉ፣ ይዘጋል። «አይ፣ በዚያ» ይላል። ነጋዴው ከኋላ ሶሉን በፌስታል አስሮ እየጎተተ ይከተላል። እየቆየ ሲሄድ አማቹ ሲሳሳት መቆሙን ተወ፤ ራሱን ነቅንቆ ብቻ ይመለሳል። አንድ ጊዜ እንዲያውም «ይሄ የማይረባ መንገድ!» ብሎ ተሳደበ። ነጋዴው ስድቡን እንደ ምርቃት ሰማው።

ድንገት ፊት ለፊታቸው ቁጥቋጦው ተንኮሻኮሸ።

«ነብር!» አለ ፍራሽ ነጋዴው፤ እግሬ አውጪኝ እንዳይል እግሩ በፌስታል ታስሯል። የነበረው ምርጫ አማቹ ጀርባ ሥር መደበቅ ነበር። ተደበቀ፤ ጀርባው ሰፊ ነው።

ነብሩ የሣር ሸክም ያዘሉ አሮጊት ሆነው ወጡ። በእጃቸው ማጭድ ይዘዋል። ሁለቱን ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው፤ ጭቃውን፣ ፌስታሉን፣ ጃንጥላውን።

«ከየት ነው የመጣችሁት?» አሉ።

ፀጉር አስተካካዩ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ከእስር ቤት፣» አለ።

ፍራሽ ነጋዴው ከኋላው ትንፋሹን ዋጠ። ለጎረቤት «ከውጭ አገር ነው የመጣው»፣ ለወንበር ሻጩ «ታሞ ነበር» ሲባል የኖረው ነገር አደባባይ ወጣ። አደባባዩ አንዲት አሮጊትና ብዙ ዛፍ ቢሆንም።

«እሱን ማን ጠየቀህ፣» አሉ ሴትዮዋ። «እኔ የጠየቅሁት ከላይ ነው ወይስ ከታች? ከላይ ከሆነ ላሜን አይታችኋል ወይ ለማለት ነው።»

«ከ… ከታች ነው፣ እማማ።»

«እንግዲያው ምንም አትጠቅሙኝም። መንገድ ጠፍቷችኋል?»

«አዎ።»

«መንገዱን አሳያችኋለሁ። አንተ ይሄን ሸክም ያዝ፤ ጀርባህ ሰፊ ነው። አንተኛው ደግሞ፣» አሉ ነጋዴውን፣ «ቢያንስ ማጭዱን ያዝ። ተጠንቀቅ፣ ስለት አለው።»

ፀጉር አስተካካዩ ሸክሙን ተሸክሞ ከፊት ሄደ። ነጋዴው ትከሻዎቹን ከኋላ እያየ ነበር። ቃሉ ተነገረ፤ ዛፉ አልወደቀም፣ ሴትዮዋም አልሸሹም፣ እንዲያውም ሸክም አሸከሙት። ጥቂት እንደሄዱ አማቹ ለራሱ እንደሚናገር ሰው «ማን ጠየቀህ አሉኝ» አለና ብቻውን ሣቀ።

ላሚቱ ሴትዮዋ ደጅ ቆማ አገኟት፤ ከሁሉም ቀድማ ገብታለች። ከቤታቸው ፊት የመኪና መንገድ ያልፋል። አማካሪዋ በሚኒባስ ወዲያ ወዲህ ስትል፣ በመስኮት አንገቷን አውጥታ ስትጣራ እዚያ አገኘቻቸው። ዓይኗ ቀልቷል። ይግባኝ ከኋላ «ምስክር ሳይኖር መተው አይገባም ብዬ ነበር፤ ተመዝግቦልኝ ይሁን!» ይላል። ሚስቱ እጁን ያዘች፤ ዝም አለ።

ሊሳፈሩ ሲሉ ሴትዮዋ ፀጉር አስተካካዩን ጠሩት። «ሣሩ ገና አላለቀም። እኔ ደግሞ ወገቤ አልቋል። ከነገ ወዲያ ትመጣለህ?»

ፍራሽ ነጋዴው ሊመልስለት ሲል ራሱን ገታ። አማቹ ወደ እሱ አላየም፣ ወደ አማካሪዋም አላየም።

«እመጣለሁ፣» አለ።

ቤት ሲገቡ ሚስትየዋ ሁለቱንም በአንድ ላይ ወረደችባቸው። ጭቃውን፣ ሰዓቱን፣ የማይነሣውን ስልክ እየጠራች። ከዚያ ወንድሟን ጠጋ ብላ አየችው፤ ፀጉሩ ላይ ቅጠል አለ፣ ጉንጩ ላይ የቅጠል ጅማት ታትሟል።

«ተኝተህ ነበር እንዴ?» አለች።

«አዎ፣ እታለም።»

ስድቧ መሀል ላይ ተቋረጠና ውሃ ልታሞቅ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት ፍራሽ ነጋዴው ድርቡን ፍራሽ ከትንሿ ክፍል አውጥቶ፣ ደረጃውን እያማረረ፣ ወደ ሱቁ መለሰው። ወለሉን ለአማቹ ተወለት። ወንበር ሻጩ አየውና፣ «ምነው፣ ሲሚንቶው አሸነፈ?» አለ። ነጋዴው ፍራሹን አስቀምጦ ላቡን ጠረገ። «አማቼ ታስሮ ነበር፣» አለ፤ መንገዱ እስኪሰማ። «አሁን ወጥቷል። የሚሻለውን ገና እያየ ነው። አንተ ወንበርህን ሽጥ።»

ፀጉር አስተካካዩ የአሮጊቷን ሣር አጨደ። አጨዳው እንደ ሙያው ነው፤ ዳር ዳሩን አስተካክሎ፣ ከጎን አሳጥሮ፣ ከላይ ትንሽ ትቶ። ሴትዮዋ ቆመው አዩትና፣ «ልጄ፣ ላሚቱ ልትበላው እንጂ ልትሞሸርበት አይደለም» አሉት። ክረምቱ እስኪገባ አጨደላቸው። ከዚያ ወደ ጓደኛው ሱቅ ተመለሰ። «አንተ እንደወደድክ» የሚል ደንበኛ ሲመጣ ይቆርጣል። የመጀመሪያው ሰውዬ መስታወቱ ውስጥ ራሱን ለረጅም ጊዜ አየና፣ «መቼም ያድጋል» ብሎ ሄደ። ሁለተኛው ግን ተመልሶ መጣ፤ ወንድሙንም ይዞ መጣ።

ቢሮው የሰጣቸው ጊዜ ካለቀ በኋላም ቅዳሜ ጫካ መሄዱን ሁለቱም አልተዉም። ማንም አላዘዛቸውም፤ ሚስትየዋ እንኳ ስለዚህ ጉዳይ ምንም አልተናገረችም፤ ይህ በቤቱ ታሪክ የመጀመሪያው ነው። ፍራሽ ነጋዴው የጫካ ጫማ ገዛ፤ ሱቁ ውስጥ ሁሉ ሲያደርገው ይውላል።

አንድ ቅዳሜ አማካሪዋ አዲስ የመጡ ቤተሰቦች ስላሉ ትንሽ ቢያናግሯቸው ብላ ነጋዴውን ጠየቀችው። በትሩን ይዞ ተነሥቶ ቆመ። ፍራሽ ሲሸጥ አፉ ወንዝ ነው፤ ያን ቀን ደረቀ። «በትር ያዙ፣» አለ። «ሙዛችሁን አጥብቃችሁ ያዙ። የተኛ ሰው ካለ አትቀስቅሱ።» ከዚያ የሚጨምረው ጠፋበትና ተቀመጠ።

አዲስ ከመጡት አንዷ እናት ነበረች። ልጇ ትልቅ ሰው ነው፤ ከዛፍ ወደ ዛፍ እያየ ሜዳው መሀል ቆሟል። ፀጉር አስተካካዩ ሄዶ አጠገቡ ቆመ። እናትየዋ ከዚህ ሆና ታያቸዋለች።

«አባቴ፣» አለችው ፍራሽ ነጋዴውን፣ «የእርስዎስ ሰው እንደ ድሮው ሆነልዎ?»

ነጋዴው አሰበ። አማቹን ድሮ ብዙም አያውቀውም ነበር፤ ከሠርግና ከለቅሶ በቀር ተገናኝተው አያውቁም።

«ድሮ እንዴት እንደነበረ እኔ አላውቅም፣» አለ በመጨረሻ። «አሁን ያለውን ነው የማውቀው። ደህና ሰው ነው። መንገድ ሲመርጥ ግን አይመኑት።»

ሴትዮዋ ሣቀች፤ ሣቋ ራሷን አስደነገጣት። ወዲያ ማዶ ልጇና ፀጉር አስተካካዩ መራመድ ጀምረዋል፤ ወዴት እንደሆነ ሁለቱም የሚያውቁ አይመስሉም። ነጋዴው በትሩን ለእናትየዋ ሰጣትና ጃንጥላውን ዘርግቶ፣ «ኑ፣ ኑ፣ ሳይርቁብን እንከተላቸው» አለ።